አዴ ጫልቱ ለልጄ ያወጣችው ስም

ሰሞኑን ከሲግናል ወደ የካ ሚካኤል ሽቅብ ስሄድ የእግረኛ መንገድ ሲያነጥፉ ደረስኩ። አሁን ድንጋይ የሚቆርጠው ማሽን ነው። አንድ ጎልማሳ ብቻ ጥግ ይዞ በመዶሻና በመሮ የተረፈ ጠርዝ ያስተካክል ነበር። መሮ ድንጋይ ሲመታ የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክብሪት ተጭሮ ሳይነድ ሲቀር የሚሸተው ዓይነት ነው። ዱላዬን ተደግፌ ቆምኩ። ሰውየው ቀና ብሎ፣ አባባ ይለፉ እንጂ፣ አቧራው ይጎዳዎታል አለኝ። እኔ ይህን አቧራ ከአርባ ዓመት በላይ በልቼዋለሁ፤ የሚጎዳ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ የምታነጥፈው በመቃብሬ ላይ ነበር አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የመሮ አያያዙ ልክ አልነበረምና እሱንም ነገርኩት።

እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ። በሰፈር ጋሽ ወልዴ ምላሱ መሮ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ምላሴ ሳይሆን ስለ ልጄ ስም ነው። ልጄ ገመቹ ይባላል። ገመቹ ወልዴ። እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፣ እናቱ አስካለ የቡልጋ ልጅ ነበረች፤ ገመቹ ደግሞ የኦሮሞ ስም ነው፣ ደስታ እንደማለት ነው። ይህን ስምና የአባት ስም አንድ ላይ ሰምቶ ሳይጠይቅ ያለፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ልጄ ዘግይቶ አገባና በስተርጅናዬ የልጅ ልጅ አየሁ፤ ሴት ናት፣ ሁለት ወር ከምናምን ሆኗታል። የድንጋዩ ሽታ ያገኘኝ ልጄ ወረቀት ይዞልኝ በመጣ ማግስት ነው። ስሜን በፍርድ ቤት ወደ ግርማ ልለውጥ ነው፣ ልጅቷ ስትመዘገብ ሊያ ግርማ ተብላ ትጻፍ፤ አንተ በልጅነቴ ትምህርት ቤት ግርማ እባል እንደነበር ፈርምልኝ አለኝ። ሕፃኗ ሦስት ወር ሳይሞላት መመዝገብ አለባት ተብሎ ቸኩሏል። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ፣ በሳምንቱ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ያን ወረቀት እያየሁ ወደ ኋላ ስሄድ ከረምኩ።

ያኔ የካ ሚካኤል እንዲህ አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍና ጭቃ ቤት ነው። የምሠራበት የድንጋይ ካባ ከቤቴ ሽቅብ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር። በሳምንቱ የጠረብነው ድንጋይ ቅዳሜ በጭነት መኪና ይወርዳል፣ የትልልቅ ሰዎች ቪላ ይሠራበታል። ከተማ ውስጥ አንዳንዱን ግድግዳ ሳየው የእጄን አመታት እስካሁን አውቀዋለሁ፤ ባለቤቶቹ እኔን አያውቁኝም እንጂ። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ወተት በኩባያ ስሙኒ ነበር። አዲስ ሸራ ጫማ የገዛ ሰው ሲግናል መታጠፊያው ላይ ቆሞ የሚያይለት እስኪያገኝ ይጠብቃል። እኔ ቡናማ ቴርጋል ሱሪ ነበረችኝ፤ ለሚካኤል በዓል ብቻ የምለብሳት። አስካለ ካውያ ስለሌላት ፍራሽ ሥር አንጥፋ ትተኛባትና ጠዋት እንደ ቢላ የተሳለች ሆና ትወጣለች። መታጠፊያው ላይ ያለው ባለ ሱቅ ሬዲዮኑን ወደ ውጭ አዙሮ ያስጮኸዋል፤ ክራር የተመታ እንደሆነ ሥራ ፈቱም ሥራ ያለውም ይቆማል። ዛሬ እዚያ መታጠፊያ ላይ ጁስና የስልክ ሽፋን ይሸጣል፤ ቆሞ የሚሰማ የለም፣ ሁሉም ጆሮው ውስጥ የራሱን ነገር ወትፏል።

የአጥር ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ትባላለች። በዕድሜ ትበልጠን ነበር፣ ግን እርስዎ ስንላት ትቆጣለች። ከእንጦጦ ማርያም ጀርባ ካለው አገር በጋብቻ የመጣች ናት። ባሏ ዘበኛ ነው፤ እሷ ሁለት ላሞች አሏት፣ በየቤቱ ወተት ታዞራለች። የወለደቻቸው አምስቱም ልጆች በሕይወት ነበሩ፤ በዚያ ዘመን በኛ ሰፈር ይህ እንደ ሀብት የሚቆጠር ነገር ነው። እኛ ግን ሁለት ቀብረናል። የመጀመሪያው ሁለት ወር አልሞላውም፣ ሁለተኛዋ መቀመጥ ጀምራ ነበር። ለሁለቱም ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያያቴንና የእናቴን። ሦስተኛው ሲረገዝ የሰፈር ሴቶች አስካለን ከበቧት። ልጅ የማይበረክትላት ሴት የወለደችውን ልጆቿ ለጸኑላት ጎረቤት ትሰጣለች፤ ጎረቤቲቱ ስም አውጥታ፣ የኔ ነው፣ አሳድጉልኝ ብላ ትመልሰዋለች። ሞት መጥቶ የአስካለን ልጅ ቢፈልግ አያገኝም ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም ነበር፣ አሁንም አላምንም። አስካለ ግን እንዲህ አለችኝ፤

«አንተ አትመን። ያን ስም ከላዩ ላይ ያነሳህ ቀን ግን ልጁን በገዛ እጅህ ቀበርከው ማለት ነው።»

የተወለደው በጠዋት ነው። በበር አይወጣም ተባለና በመስኮት አወጡት። የቤታችን መስኮት ሁለት ጣውላ ብቻ ነበረች፤ አዋላጇ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ ስታሾልከው አዴ ጫልቱ የወተት ጣሳዋን ጭቃው ላይ አስቀምጣ ከውጭ ተቀበለች። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜያለሁ። የማን ነው ብላ ጠየቀች። ከውስጥ የማንም አይደለም አሏት። እንግዲያው የኔ ነው ብላ ታቅፋው ሄደች። የመጨረሻ ልጇ ገና ጡት አልተወም ነበርና አጠባችው። ከሰዓት በኋላ ይዛው በበራችን ገባች፤ ልጄ ነው፣ ስሙ ገመቹ ነው፣ በደንብ አሳድጉልኝ አለች። ወደኔ ዞራ ደግሞ፣ ወልዴ፣ ልጄን እንደ ድንጋይህ እንዳትቀጠቅጠው አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ በልቤ፣ ክርስትና እስኪነሳ ነው፣ ከዚያ የወገኑን ስም አወጣለታለሁ እል ነበር። ክርስትና ተነሳ፣ ኃይለ ሚካኤል ተባለ፤ ያ ግን የቤተ ክርስቲያን ነው። ልጁ ገመቹ እንደተባለ ዳኸ፣ ቆመ፣ ሮጠ። አንድም ቀን የሚያሰጋ ሕመም አልታመመም። አዴ ጫልቱ ወተት አዙራ ስትመለስ ከጣሳው ሥር የቀረውን እሱ ይጠጣዋል፤ እኔ ልክፈል ስል፣ ሰው ለገዛ ልጁ ይሸጣል ወይ ትለኛለች።

ሰባት ዓመት ሲሆነው ላስመዘግበው ትምህርት ቤት ወሰድኩት። ያኔ የልደት ወረቀት የሚባል የለም፤ ልጁ ክንዱን በአናቱ ላይ አሳልፎ ማዶ ያለውን ጆሮውን ከነካ ለትምህርት ደርሷል ይባላል። ልጆቹ ግቢው ዳር ተሰልፈው ጆሯቸውን ሲነኩ እኛ ወላጆች በመዝጋቢው መስኮት ፊት ተሰልፈናል። ከፊቴ ያለው አባት የልጁን ስም ተናገረ፤ የኦሮሞ ስም ነበር። መዝጋቢው አስደገመውና፣ ሌላ ስም የለውም ወይ አለው። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈገግ ብያለሁ። ተራዬ ደረሰ። የልጁ ስም አለኝ። ግርማ አልኩ። የአባት አለኝ። ወልዴ አልኩ። ጻፈው፤ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቶ አስጫነኝ። የጻፈውን ማንበብ አልችልም፤ ያልኩትን ግን አውቃለሁ።

ትምህርት የተጀመረ ቀን አስተማሪው ስም ሲጠራ፣ ግርማ ወልዴ ብሎ አቤት የሚለው አጣ። ጥሪው ሲያበቃ አንድ ያልተጠራ ልጅ ቀረ፣ አንድ ባለቤት የሌለው ስም ቀረ፤ አስተማሪው ሁለቱን አገናኛቸው። ልጄ ቤት መጥቶ ሲነግረኝ፣ ተሳስተው ይሆናል፣ ዝም ብለህ አቤት በል፣ ለእናትህ ግን እንዳትነግራት፣ ትጨነቃለች አልኩት። ልጅ ነው፣ እሺ አለ። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ግርማ፣ ቤት ገመቹ ሆኖ ኖረ። ካርድ ሲያመጣ እኔም እናቱም ማንበብ ስለማንችል ስንተኛ ወጣህ ብለን እሱኑ እንጠይቀዋለን። አራተኛ ይላል። ጎበዝ እንላለን።

መሠረተ ትምህርት ሰፈራችን የገባው በዚያ ሰሞን ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረን፣ ጡቷ በቅጡ ያላጎጠጎጠ ተማሪ ፊደል ታስቆጥረናለች። ሦስት እርሳስ ሰብሬባታለሁ። ጋሼ፣ መሮ እኮ አይደለም፣ ላላ አድርገው ትለኛለች። አዴ ጫልቱ ከፊቴ ነበር የምትቀመጠው። አፏን በአማርኛ ባትፈታም ፊደሉን ከኔ ቀድማ ለየች። ስንቀረፈፍ ወደ ኋላ ዞራ በኦሮምኛ ትሰድበኛለች፤ ምን አልሽኝ ስላት፣ እሱንም ተማር ትለኛለች። ያን አዳራሽ ዛሬ አፍርሰው ፎቅ ሠርተውበታል፤ ባለፍኩ ቁጥር ግን አግዳሚው የነበረበትን ቦታ በዓይኔ እለካለሁ።

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ፣ በሚቀጥለው ስትመጡ ከቤታችሁ ጽሑፍ ያለበትን ማንኛውንም ነገር ያዙ አለችን። ሰዉ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የክብሪት ቀፎ፣ የዕድር ደብተር ይዞ መጣ። እኔ የሲሚንቶ ከረጢት ቀድጄ መጣሁ። አዴ ጫልቱ የክት ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ያወጣችው የልጄን ካርድ ነበር፤ ጠዋት ከራሱ ከልጁ ተውሳ ነው። የልጄ ነው፣ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ዛሬ ራሴ አነበዋለሁ ብላ ለልጅቷ ነገረቻትና ቆመች። ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ «ግ» አለች። «ር» አለች። «ማ» አለች። የተሳሳተች መስሏት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ልጅቷ፣ ጎበዝ፣ ልክ ነው፣ ግርማ ነው የሚለው አለቻት። አዴ ጫልቱ የአባቱንም አነበበች፤ ወልዴ። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ይኼ የማን ልጅ ነው?»

መዝጋቢው ተሳስቶ ነው አልኩ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ይሰማል። እሷ ካርዱን በአራት አጠፈችና የሲሚንቶ ወረቀቴ ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲያው መልስላቸው። ለኔ የልጄን ካርድ አምጣልኝ» አለች።

ተቀመጠችና ትምህርቷን ቀጠለች። እኔ የያዝኩትን ወረቀት ላነብ ስነሳ አንዲትም ፊደል አልታየችኝም።

ሰኞ ካባ አልወጣሁም፤ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ፣ ግርማ ምን አለው፣ ለልጁም ለነገ ይሻለዋል አለኝ። ስለ ነገ አልጠየቅሁህም አልኩት። ማመልከቻ ጻፍ ሲለኝ ጸሐፊ ልጥራልህ ወይ አለ፤ ራሴ እጽፋለሁ አልኩ። አራት መስመር ከጠዋት እስከ ምሳ ፈጀብኝ። በሕይወቴ መጀመሪያ የጻፍኩት ነገር እሱ ነው፣ ውሸት ነበር። መዝጋቢው ተሳስቶ የልጄን ስም ግርማ ብሎታልና ይታረምልኝ ይላል። ታረመ። አዲሱን ካርድ ለአዴ ጫልቱ ወሰድኩላት፤ አነበበችው፣ መለሰችልኝ። ነገሩን ታውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከጣሳው ሥር የቀረውን ወተት ለልጁ መስጠቷን አልተወችም። እኔን መስደቧን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተወች፤ ሰላምታዋ እንደ እንግዳ ሰው ሰላምታ ሆነ። እስክትሞት ድረስ እውነቱን አልነገርኳትም። አሁን የካ ሚካኤል ግቢ ውስጥ ናት፤ አስካለም እዚያው ናት።

ዋጋውን የከፈለው ልጁ ነው። ሁለት ዓመት ግርማ ሲባል የቆየ ልጅ አንድ ጠዋት ገመቹ ሆኖ ሲገባ የክፍል ልጆች ምን እንደሚያደርጉት መገመት አያቅትም። ሸሚዙን አስቀድዶ ይመጣል። ለምን አልተውከኝም ይለኛል፤ ስምህ ነው፣ አቤት በል እለዋለሁ። ካደገም በኋላ ነገሩ አልቀለለም። ዘመን ተለወጠ፣ ደግሞ ተለወጠ። ስሙን የሰማ ኦሮሞ በኦሮምኛ ያናግረዋል፣ አልችልም ሲል ያ ሰው ፊቱን ያዞራል። ሌላው ደግሞ ስሙን ሲሰማ የጀመረውን ወሬ ይቆርጣል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሁለቱም ወገን፣ አንተ ግን ምንድን ነህ ያላለው የለም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም ነው ወረቀቱን ያልፈረምኩት።

በሳምንቱ ከሚስቱ ከሕይወትና ከሕፃኗ ጋር መጣ። አልፈረምክም አለኝ። አልፈርምም አልኩት። በትዕግሥት ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ ልጅቷ እሱ ያየውን እንዳታይ ነው፣ ደግሞም ሊያ ገመቹ አይገጥምም አለ። ማን ይግጠም አለ፣ ይህች ልጅ እንጂ ግድግዳ አይደለችም አልኩት። ሊያ የሚለው ራሱ የሳሙና ስም ነው የሚመስለኝ፤ ቢሆንም እሱ የናንተ ነው፣ አልነካውም አልኩ። ሕይወት ሳቋን አፈነች። እሱ አልሳቀም። የአንድ መዝጋቢ ስህተት ያቀለለልኝን ነገር አንተ በግትርነትህ መልሰህ ጫንክብኝ አለኝ። ያኔ ከዚህ በላይ መሸሽ እንደማልችል ገባኝ።

«መዝጋቢው አልተሳሳተም። ግርማ ያልኩህ እኔ ነኝ» አልኩት።

ሰልፉን፣ ከኋላ የሳቁትን ሰዎች፣ እኔም ፈገግ ማለቴን ሳይቀር ነገርኩት። ሕይወት ሕፃኗን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። ልጄ ቆሞ ነበር፣ ተቀመጠ።

«ሰው ሲስቅ ፈርተህ ስሜን የጣልከው አንተ ነህ» አለኝ። «አፍረህ ያስመለስከውም አንተ ነህ። የተደበደብኩት እኔ። አሁን አትንካው የምትለኝም አንተው ነህ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ላንተ የተፈቀደው ፍርሃት ለኔ ለምን ይከለከላል?»

«ፍራ። ፈርተህ ፍርድ ቤት ሂድ፣ ሌላ ምስክር ፈልግ። እኔም ግን እመጣለሁ፤ ዳኛው ፊት ቆሜ ግርማ የሚባል ልጅ የለኝም እላለሁ። አንድ ጊዜ ዋሽቼብሃለሁ፣ ሁለተኛ አልዋሽም።»

ከዚያ የአዴ ጫልቱን ነገር ነገርኩት። ካርዱን ያዋሳት እሱ ነው፤ ምን ልታደርግበት እንደፈለገች ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። የክት ቀሚሷን፣ ጣቷን፣ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው መጀመሯን፣ የልጄን ካርድ አምጣልኝ ማለቷን ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ሰው ሁሉ ፊት ነው ያነበበችው?»

«ሰው ሁሉ ፊት።»

ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ ኪሱ ከተተው፣ ሳይሰናበተኝ ወጣ። ሕይወት ከደጅ ተመልሳ፣ አባባ፣ በደህና ይዋሉ አለችኝና ተከተለችው። ሁለት ሳምንት ስልኩ አልጮኸም። እኔም አልደወልኩም። ይቅርታ ልጠይቀው ይገባ እንደሆነ አስቤበታለሁ፤ ይገባኛል። ግን ደውዬ ይቅርታ ብለው፣ እሺ ልፈርምልህ የምል ይመስለው ነበርና ቆየሁ።

ከዚያ ሕይወት ደወለች። አባባ፣ ነገ ጠዋት ልናስመዘግባት ወረዳ እንሄዳለን፣ ይምጡ ብሏል አለች። በምን ስም እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። እዚያው ወረዳው ውስጥ መሟገት ካስፈለገ እሟገታለሁ ብዬ ዱላዬን ይዤ ወረድኩ። ልጄ በሩ ላይ ጠበቀኝ፤ ጺሙን አልተላጨም። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ከዚህ በፊት ያን ቃል ከአፌ ሰምቶ አያውቅም። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ ብቻ አለኝና ክንዴን ይዞ ደረጃውን አስወጣኝ።

ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ያለችው መዝጋቢ ወጣት ናት፤ ጥፍሯን ተቀብታለች፣ እጇ ፈጣን ነው። የሕፃኗን ስም ጠየቀች፤ ልጄ ሊያ አለ። የአባት አለች።

«ገመቹ።»

የአያት ስትል ወልዴ አላት። ጣቷ ቆመ። ስክሪኑን አየች፣ ልጄን አየች፣ እኔን አየች። ክፋት አልነበረባትም፤ ሁሉም እንደሚጠይቀው ነው የጠየቀችው።

«እናትዎ ኦሮሞ ናቸው?»

ልጄ ወደኔ አልዞረም።

«አንደኛዋ» አላት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ጽፋ እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቃት።